ፋይሉ አለ፣ ድምፁ ግን አይሰማም

ጥያቄ፦ አያቴ ሲያጫውቱኝ በድምፅ መቅጃ እየቀዳሁ ሳለ ባትሪው አለቀና መቅጃው ጠፋ። ፋይሉ ኮምፒውተሬ ላይ ይታያል፤ መጠኑ 620 ሜጋባይት፣ ዓይነቱ ዌቭ ነው። ማጫወቻው ግን ርዝመቱን 0 ብሎ አልከፍትም ይላል። ስሙን ወደ ኤምፒ3 ብቀይረውም ያው ነው። ድምፁ ጠፍቶ ይሆን?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አልጠፋም። ባዶ ፋይል 620 ሜጋባይት አይሆንም። በ44,100 ኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ በስቴሪዮ የተቀዳ ዌቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ የአንድ ሰዓት ያህል ጨዋታ እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው። የተበላሸው ራስጌው ነው። የዌቭ ፋይል መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ 44 ባይት የሆነ ራስጌ አለ፤ የድምፁ ርዝመት የሚሰፍረው እዚያ ነው። ብዙ መቅጃዎች ቁጥሩን የሚሞሉት ቅጂውን ሲያቆሙት ነውና ባትሪው ስለቀደመዎት 0 እንደሆነ ቀረ። ማጫወቻው ደግሞ የተጻፈውን አምኖ ዝም ይላል።

መጀመሪያ ፋይሉን ገልብጠው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ስሙንም ወደ ዌቭ ይመልሱ። ስም መቀየር የቆርቆሮውን ጽሑፍ እንጂ ውስጡ ያለውን ዘይት አይለውጥም። ከዚያ ኦዳሲቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑና «ፋይል»፣ «ኢምፖርት»፣ «ሮው ዳታ» በሚለው በኩል ቅጂውን ያስገቡ። ምርጫዎቹን «ሳይንድ 16 ቢት ፒሲኤም»፣ «ሊትል ኢንዲያን»፣ 2 ቻናል፣ መነሻ 44 ባይት፣ 44,100 ኸርዝ ያድርጓቸው።

የሚሰማው ሹሹታ ብቻ ከሆነ 24 ቢት ይሞክሩ። አያትዎ እንደ ሕፃን በቀጭን ድምፅ እየተጣደፉ ካወሩ ቅጂው ሞኖ ሳይሆን አይቀርም፤ ቻናሉን 1 ያድርጉት። ትንሽ ወፍሮና ተጎትቶ ከተሰማ 48,000 ኸርዝ ይስጡት። መጀመሪያ ላይ «ቷ» የሚል ድምፅ ካለ የራስጌው ትርፍ ነው፤ ቆርጠው ይጣሉት። ሲስተካከል «ኤክስፖርት» ብለው በአዲስ ስም በዌቭ ያስቀምጡ።

በስልክ የተቀዳ ኤም4ኤ ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ አይሠራም ነበር። ያኛው የተጨመቀ ነው፤ ማውጫውንም አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚጽፍ ሲቋረጥ ጥገናው እጅግ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከጅዳ በዋትስአፕ የላከልኝን የድምፅ መልእክት ወደ ኮምፒውተር ብገለብጠው አልከፈት አለኝ። መጨረሻው «ኦፐስ» ይላል። ኮዴክ (የድምፅ ፋይል መፍቻ ፕሮግራም) አውርድ የሚል ማስታወቂያ መጣልኝ፤ ላውርደው?
ከደሴ

መልስ፦ አያውርዱት፤ ቫይረስ የሚገባው በእንዲህ ያለው በር ነው። ፋይልዎ ጤነኛ ነው፤ ማጫወቻዎ ኦፐስን ስለማያውቅ ብቻ ነው። ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ ከራሱ ድረ ገጽ ይጫኑ፤ ያለ ሌላ ጭማሪ ይከፍተዋል። በመኪና ቴፕ ለመስማት ከፈለጉ እዚያው ቪኤልሲ ላይ «ሚዲያ»፣ ቀጥሎ «ኮንቨርት» ብለው ኤምፒ3 ይምረጡ።