ቀስቶቹን ከማመናችሁ በፊት፦ የሴልን ጉተታ ለሚለኩ ወጣቶች

ወጣት ባልደረቦቼ፣

ሴል የተቀመጠበትን ለስላሳ ገጽ በምን ያህል ኃይል እንደሚጎትት ለመለካት የሚመጡ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሶፍትዌሩ ነው። አይገርመኝም። በጥናት ጽሑፎች ላይ የሚታየው ባለቀለም ካርታ፣ ከሴሉ ጠርዝ ወደ መሃል የሚያመለክቱት የኃይል ቀስቶች፣ ዓይን ይስባሉ። ግን ቀስቶቹን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው የለም። ማይክሮስኮፑ የሚያሳየው በለስላሳው ገጽ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን ዶቃዎች ከነበሩበት ፈቀቅ ማለታቸውን ብቻ ነው፤ የቀረው ስሌት ነው። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ ሁሉ ከዚሁ ይመነጫል።

ነገሩ የተጀመረው በሽብሽብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 አልበርት ሃሪስና ባልደረቦቹ የፈሳሽ ሲሊኮንን የላይኛውን ገጽ በእሳት ነበልባል ለብለብ አድርገው ስስ ቆዳ እንዲያወጣ አደረጉ። ሴሎች ሲሰፍሩበት ቆዳው ከሥራቸው ተጨማደደ። ሴል እንደሚጎትት በዓይን ታየ፤ ሆኖም ከሽብሽብ ቁጥር ማውጣት ቀላል አይደለም። በ1999 ማይካ ዴምቦና ዩ ሊ ዋንግ የማይሸበሸብ፣ ግን የሚለጠጥ የፖሊአክሪላማይድ ጄል ውስጥ ብርሃን የሚሰጡ ዶቃዎች በትነው ካርታውን ሠሩ። ዛሬም አብዛኞቻችን የምንሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ጄሉን ራሳችሁ ሥሩት። ጄሉ የሚሠራባቸው ሁለት ኬሚካሎች፣ አክሪላማይድና ቢስ አክሪላማይድ፣ መጠናቸው ሲቀያየር የሚረጋው ጄል ግትርነት ከአንድ ኪሎፓስካል በታች ጀምሮ እስከ ብዙ አሥር ኪሎፓስካል ይደርሳል። (ሳይረጋ በፊት አክሪላማይድ የነርቭ መርዝ ነው፤ ያለ ጓንት እንዳትነኩት።) ሴል በባዶው ጄል ላይ አይጣበቅም፣ ስለዚህ ገጹ ሴል የሚይዛቸውን ፕሮቲኖች፣ ኮላጅን ወይም ፋይብሮኔክቲን፣ ይለበሳል። ግትርነቱን ግን ከሰው ሠንጠረዥ ላይ አንብባችሁ አትለፉ። ኦክስጅን መርጋቱን ያውካል፣ የቆየ ኬሚካል ይደክማል፣ ጄሉም ውሃ ውስጥ ሲያድር ያብጣል። ግትርነቱን በ20 በመቶ ከሳታችሁ ኃይሉንም በዚያው በ20 በመቶ ሳታችሁ፤ የትኛውም ሶፍትዌር አያርመውም። ከየዙሩ አንድ ናሙና አስቀርታችሁ ለኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሁለት ምስል ያስፈልጋችኋል፦ ሴሉ እየጎተተ ያለበትና ሴሉ ከተነሣ በኋላ ያለው። ሁለተኛውን የሚያስገኘው ብዙ ጊዜ ሴልን ከገጹ የሚያላቅቀው ኢንዛይም፣ ትሪፕሲን፣ ነው። ጠብ ስታደርጉበት ተዘርግቶ የነበረው ሴል ጠርዙን ይሰበስባል፣ ይከብባል፣ ይላቀቃል፤ ዶቃዎቹም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይህን ምስል ብዙዎች በሥራው ማብቂያ፣ ደክሟቸው፣ በችኮላ ያነሡታል። ባዶው ሚዛን ስንት እንደሚል ሳያዩ እህል እንደመመዘን ነው። ዶቃዎቹ የሚጓዙት ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ርቀት ነው፤ ፈሳሽ ስትጨምሩ ሳህኑ ብቻውን ከዚያ በላይ ሊንሸራተት ይችላል፣ ሙቀቱ ሲለዋወጥም ፎከሱ ይሸሻል። ስለዚህ ከሴሉ ራቅ ያሉትን ዶቃዎች ተመልከቱ። እነሱን የሚጎትታቸው የለም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ የሄደው ሳህኑ ነው፤ ያንን ቀንሳችሁ ቀጥሉ። ትሪፕሲኑ ሴሉን ሙሉ በሙሉ ማንሣቱንም አረጋግጡ። በአንድ ጥግ የቀረ ቅሪት እየጎተተ ከሆነ ዜሯችሁ ዜሮ አይደለም።

ስሌቱ የሚያርፈው ቡሲኔስክ በ1885 ባሳተመው መፍትሔ ላይ ነው፦ በአንድ ነጥብ ላይ የተጫነ ኃይል ወሰን የሌለውን የሚለጠጥ አካል ገጽ እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ። «ወሰን የሌለው» የሚለውን ልብ በሉ። ጄላችሁ በጣም ከሳሳ ከሥሩ ያለው መስታወት ይይዘዋል፣ ዶቃዎቹም ሊሄዱ የሚገባቸውን ያህል አይሄዱም። ከዚህ የሚከብደው ግን ስሌቱን ወደ ኋላ መሄድ ነው። ከእንቅስቃሴ ወደ ኃይል ስትመለሱ በዶቃው ቦታ ላይ ያለች ጥቂት መዛነፍ ገንና ትወጣለች። ለዚህ ነው ሁሉም ፕሮግራም የማለስለሻ ቁጥር የሚጠይቃችሁ። ቁጥሩ ሲያንስ ሴል በሌለበት ቀስት ይበቅላል፤ ሲበዛ የሴሉ ጠርዝ ላይ ያለው ብርቱ ጉተታ ይሟሽሻል። ካርታው እስኪያምር ድረስ ቁጥሩን መነካካት፣ በእኔ እምነት፣ መለካት አይባልም። ሴል የሌለበትን የጄል ቦታ ሁለቴ አንሥታችሁ ያንኑ ስሌት ሥሩበት፤ የሚወጣው «ኃይል» የመሣሪያችሁ ወለል፣ ማለትም ሴል ሳይኖር ከስህተት ብቻ የሚመጣው፣ ነው። ቁጥሩን በዚያ ምረጡ፣ ከዚያም ለሁሉም ሴሎች ያንኑ ያዙ።

ሌላ ማረጋገጫም አለ። ብቻውን ያለ ሴል የሚጎትታቸው ኃይሎች ሲደመሩ ወደ ዜሮ መቅረብ አለባቸው። አለበለዚያ ወይ ጎረቤት ሴል ከምስሉ ወሰን ውጭ እየጎተተ ነው፣ ወይ መንሸራተቱ አልተስተካከለም። ሴል የሚጎትትበትን ፕሮቲን፣ የማዮሲንን፣ ሥራ የሚያቆመውን ብሌቢስታቲን ስትጨምሩም ጉተታው መውደቅ አለበት። ሰማያዊ ብርሃን ግን ብሌቢስታቲንን ያበላሸዋል፤ አረንጓዴ የሚያበሩ ዶቃዎችን በሰማያዊ ብርሃን እያበራችሁ «መድኃኒቱ አልሠራም» እንዳትሉ።

መጠኑንም በእጃችሁ ያዙት። ሴሉ ጄሉን በያዘበት ቦታ የምታገኙት ብዙ ጊዜ በካሬ ማይክሮሜትር ጥቂት ናኖኒውተን ነው፤ አንድ ናኖኒውተን የሚሊግራም አሥር ሺህኛ ክብደት ያህል ነው። በሺህ እጥፍ የሚርቅ ቁጥር ከወጣላችሁ አዲስ ግኝት ከማለታችሁ በፊት ፒክስሉን ወደ ማይክሮሜትር የቀየራችሁበትን መስመር እዩ።

ብዙዎቻችሁ ወዲያው ወደ ሦስት አውታር፣ ሴሉ በጄል ውስጥ ተከብቦ ወደሚለካበት፣ መዝለል እንደምትፈልጉ አውቃለሁ፤ በሰውነት ውስጥ ሴል ጠፍጣፋ ጄል ላይ አይኖርምና ልክ ናችሁ። ነገር ግን እዚያ ሴሉን የሚከብበው ኮላጅን ሲጎተት ይጠነክራል፣ ሴሉም ቃጫውን እየበላና እየጨመረ ግትርነቱን ይለውጠዋል፤ ግትርነቱ በየቦታው ከተለያየ ደግሞ ያ የድሮ የቡሲኔስክ መፍትሔ አይሠራም። የመጀመሪያውን ዓመት በጠፍጣፋው ጄል አሳልፉ።