ጉድጓዱ ለምን ጨው ጨው አለ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ ጉድጓድ ውሃ ናቸው። ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኦማን፣ ባርካ አካባቢ እርሻ ያለው ቤት ነው የምሠራው። የጉድጓዱ ውሃ ድሮ ይጠጣ ነበር አሉ። አሁን ጨው ጨው ይላል። ሎሚዎቹ ደርቀዋል፤ ተምሩ ግን ደህና ነው። ባሕሩ እኮ ራቅ ይላል!

መልስ፦ እህቴ፣ ባሕሩ በላይ በኩል አይደለም የሚመጣው፤ በመሬት ውስጥ ነው። የባሕር ውሃ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛል፣ የዝናቡ ውሃ ከላዩ ይቀመጣል። ባሕሩን ወደ ኋላ ገፍቶ የሚይዘው ከተራራው ወደ ጠረፉ የሚወርደው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። እናንተ ያላችሁበት የባቲና ጠረፍ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ድሮ ውሃውን የሚስበው በሬ ነበር። በሬ ደግሞ ይደክመዋል፣ ያርፋል። ፓምፕ ግን ቀን ከሌት ይስባል። የወጣውን ዝናቡ አልተካውም፣ ግፊቱ ላላ፣ ባሕሩም ገባ። ለዚያውም ብዙ መግባት አይጠበቅበትም፤ 100 ሊትር ጥሩ ውሃ ላይ 2 ሊትር የባሕር ውሃ ቢጨመር ምላስ ያውቀዋል። ተምር ጨው ይችላል፣ ሎሚ አይችልም።

ጥያቄ፦ ጠለቅ አድርገን ብንቆፍረውስ?

መልስ፦ እንዳታደርጉት! ጥሩው ውሃ ከባሕር ወለል 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከወለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ጨዉን ገፍቶ ይይዛል። ከላይ ግማሽ ሜትር ስታወርዱ ጨዉ ከታች ቀስ እያለ 20 ሜትር ይነሣል። በጠለቃችሁ ቁጥር ወደ እሱው ነው የምትሄዱት።

ጥያቄ፦ ከባሕር በጣም የራቀ ጉድጓድስ ለምን ጨው ይሆናል?

መልስ፦ ሁሉንም በባሕሩ ማሳበብ ለእኔ አይዋጥልኝም። በደረቅ አገር ፀሐይ የመስኖውን ውሃ ትወስድና ጨዉን አፈሩ ላይ ትተወዋለች። የተረፈው ውሃ ያን ጨው አጥቦ ወደ ታች ይሰርጋል። ፓምፑ መልሶ ያወጣዋል፣ መልሶ ማሳው ላይ ይፈሳል። በየዙሩ ይብሳል። አንዳንዴም ጨዉ ከጥንት ጀምሮ አለቱ ውስጥ የነበረ ነው። ስታስመረምሩ ናይትሬትም (ማዳበሪያ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው) አብሮ ከፍ ካለ ማሳውንና ማዳበሪያውን ጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ብናፈላውስ?

መልስ፦ ይብስበታል። የሚተነው ውሃው እንጂ ጨዉ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ባሕር ላይ ተቀምጣ ከእኛ ውሃ የምትወስደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከተማዋ የምትጠጣው በአብዛኛው ከባዛልት አለት ከሚሳብ የጉድጓድ ውሃ ነበር። ፓምፑ በዛ፣ ጨው ገባበት። ስለዚህ ከሶማሌ ክልላችን፣ ከሃዳጋላ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ ተዘርግቶ በ2009 ዓ.ም. ውሃ መውሰድ ጀመረች። ኋላ ደግሞ ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተከለች።

ጥያቄ፦ ጨው የገባበት ጉድጓድ ይድናል?

መልስ፦ ዓመታት ይፈጃል እንጂ ይሻሻላል። ኦማን በ1985 እ.ኤ.አ. አል ኹድ ላይ ግድብ ሠርታለች። ጎርፉ ባሕር ከመግባቱ በፊት እዚያ ይያዝና መሬት ውስጥ እንዲሰርግ ይደረጋል። ግን ከግድቡ በታች ያለው ፓምፕ ካልተቀነሰ፣ የሰረገውን ያው ፓምፕ ይጠጣዋል።