ስሙን ተዉት፣ ቁጥሩን እዩት

ጥያቄ፦ ሠንጠረዥ በራሱ የሚፈጥር ፕሮግራም በጃቫ እየጻፍኩ ነው። አንዱ ዳታቤዝ ላይ ምንም ሳይል የሠራ ትእዛዝ ሌላው ላይ «እንዲህ የሚባል የዳታ ዓይነት አላውቅም» ይለኛል። የየዳታቤዙን ዓይነቶች በእጄ ከምዘረዝር ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ድራይቨር ራሱን መጠየቅ አይቻልም?
ዝርዝር የሰለቸው

መልስ፦ ይቻላል። ዝርዝሩን ዛሬውኑ ይጣሉት። ከዳታቤዙ ጋር እንደተገናኙ ከኮኔክሽኑ ሜታዳታውን፣ ማለትም ስለ ዳታቤዙ የሚናገረውን መረጃ፣ ይቀበሉና «ጌት ታይፕ ኢንፎ»ን ይጥሩ። የሚመለስልዎ ተራ ሪዛልት ሴት፣ ማለትም በረድፍ የተደረደረ መልስ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ረድፍ። በጃቫ ሳይሆን በኦዲቢሲ፣ በሌላው የዳታቤዝ ማገናኛ፣ ለሚሠራ ሰው ደግሞ «ኤስኪውኤል ጌት ታይፕ ኢንፎ» አለለት። 0 ሲሰጡት ሁሉንም ይዘረግፋል።

በጄዲቢሲ፣ ማለትም ጃቫ ከዳታቤዝ ጋር በሚነጋገርበት መንገድ፣ እያንዳንዱ ረድፍ 18 ኮለም አለው። አብዛኞቹን እኔም ዞር ብዬ አላያቸውም። የዓይነቱ ስምና ቁጥር ግን እንዳይምታቱብዎ። ስሙ የዳታቤዙ ነው፤ ሠንጠረዥ ሲፈጥሩ የሚጽፉት እሱን ነው። ቁጥሩ የጄዲቢሲ ነው፤ የትም ቢሄዱ ትርጉሙ አንድ ነው። 4 ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር)፣ 12 ቫርቻር (ጽሑፍ)፣ 93 ታይምስታምፕ (ቀንና ሰዓት)።

ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ ከኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታ ሳወጣ ዓይነቱ «ታይምስታምፕ» የሆነ ኮለም አጋጠመኝ። ሳልጠይቅ ወደ ቀን ልቀይረው ስታገል ዋልኩ። ለካ እዚያ ቤት ታይምስታምፕ ቀንም ሰዓትም የለውም፤ ረድፉ በተነካ ቁጥር የሚቀየር 8 ባይት ነው። ስም መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህኛውን መልአክ እንጃ። ድራይቨሩን ብጠይቀው ኖሮ ቁጥሩ 93 ሳይሆን -2፣ ማለትም ባይነሪ መሆኑን በአንድ መስመር ይነግረኝ ነበር።

ሌላዋ የምወዳት ኮለም «ሊተራል ፕሪፊክስ» ናት። እሴቱ ትእዛዝ ውስጥ ሲጻፍ በምን ምልክት እንደሚጀምር ትናገራለች። እዚያው ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ለቫርቻር ነጠላ ጥቅስ ይበቃል። የዩኒኮድ ጽሑፍ ለሚይዘው ለኤንቫርቻር ግን ከጥቅሱ በፊት «ኤን» የምትባለው ፊደል ትገባለች። እሷን የረሳ ሰው በግዕዝ ፊደል ያስገባው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ????? ሆኖ ይጠብቀዋል።

ለአንድ ቁጥር ሁለት ረድፍ ቢመጣ አይደንግጡ። እዚሁ ዳታቤዝ ላይ 4ን ሲፈልጉ «ኢንት» እና «ኢንት አይደንቲቲ» ይመጣሉ። ሁለተኛው ራሱ የሚቆጥረው ነው። «ኦቶ ኢንክሪመንት» የሚለውን ኮለም አይተው ይለዩት። ዝም ብለው ፊት ያገኙትን ካነሱ፣ ሁለት ኢንቲጀር ያለው ሠንጠረዥ ላይፈጠርልዎ ይችላል፤ ለአንድ ሠንጠረዥ የሚፈቀደው አንድ አይደንቲቲ ብቻ ነው።

ጥሪውን በየሠንጠረዡ አይደጋግሙት። ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዴ ጠይቀው ቁጥሩን ከስሙ ጋር በሚያጣምር ማፕ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከዚያ በቁጥሩ ፈልገው ስሙን ያንሱ። 16ን፣ ማለትም ቡሊያንን (እውነት ወይም ሐሰት) ፈልገው ባዶ ከሆነ -7ን፣ ቢትን፣ ይሞክሩ።