ግማሽ ታንኳ፣ ግማሽ ካያክ፦ ለጀልባ ሠሪ አንባቢዎች መልስ

በዚህ ዕትም ከሐዋሳ የመጡ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ሰብስበናል። ሁሉም የሚያነሱት አንድ ዓይነት ጀልባ ነው፤ በፕላይውድ ግቢ ውስጥ የምትሠራ፣ ከፊትና ከኋላ ላይዋ የተሸፈነ፣ መሐሏ ሰፊ ክፍት የሆነ፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የምትሄድ።

ጥያቄ፦ ላይዋን መሸፈን ሥራ ከማብዛት በቀር ምን ይጠቅማል? ዓሣ አጥማጆቹ በክፍት ጀልባ አይደል የሚውሉት? (ከሃይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የአጥማጆቹ ጀልባ ሰፊና ከባድ ነው፤ ማዕበል ሲመታው ክብደቱ ያግዘዋል። የእርስዎ ግን ተሠርታ ስታልቅ 28 ኪሎ ገደማ ናት፤ ሰው ሲቀመጥባት ጎኗ ከውሃው በላይ የሚቀረው 18 ሴ.ሜ. ያህል ነው። ሐይቁ ጠዋት መስታወት ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን አጫጭርና ተከታታይ ማዕበል እያነሳ በጀልባ አፍንጫ ላይ ይዘላል። የፊቱ ሽፋን ይህን ውሃ ወደ ጎን ያፈሰዋል። ትልቁ ጥቅም ግን ከሽፋኑ ሥር ታሽጎ የሚቀረው አየር ነው፤ ጀልባዋ ተገልብጣ ውሃ ብትሞላ እንኳ እንዳትሰምጥ የሚይዛት እሱ ነው።

ሙሉ ካያክ (ላይዋ የተሸፈነ ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ወርዱ 60 ሴ.ሜ. አካባቢ ስለሆነ ጀማሪን ያዋልላል። የሙሉ ታንኳን ከፍ ያለ ጎን ደግሞ ነፋስ ይጫወትበታል። ሁለቱን ማዳቀል አዲስ ነገር አይደለም፤ ጆን ማክግሬጎር የተባለ ብሪታኒያዊ ጠበቃ በ1865 እ.ኤ.አ. ያሠራት «ሮብ ሮይ» 4.5 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ላይዋ የተሸፈነ፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የምትነዳ ጀልባ ነበረች።

ጥያቄ፦ ልኩንና የዕቃውን ብዛት ንገሩኝ። ደግሞ የፕላይውዱ ሉህ ርዝመቱ 2.44 ሜትር ብቻ ሆኖ 4.5 ሜትር ጀልባ እንዴት ይወጣዋል? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ርዝመት 4.5 ሜትር፣ መሐል ላይ ወርድ 75 ሴ.ሜ.፣ ጥልቀት 28 ሴ.ሜ. ይያዙ። አካሏ ከ5 ቁራጭ ይገጣጠማል፤ አንድ ወለል፣ ሁለት የታች ጎን፣ ሁለት የላይ ጎን። መሐል ላይ ወለሉ 45፣ የታች ጎኑ 15፣ የላይ ጎኑ 18 ሴ.ሜ. ይሁን። የታቹን በ45 ዲግሪ፣ የላዩን በ75 ዲግሪ ሲያቆሙት ያልነው ወርድና ጥልቀት ይመጣል። አንድ ሰው ከነጓዙ ሲገባባት 10 ሴ.ሜ. ያህል ትጠልቃለች። ሁለት ሰውም ትችላለች፤ ነፋስ ባለበት ሰዓት ግን ሁለት ሆናችሁ ባትወጡ ይሻላል።

ቁራጮቹ ወደ ጫፍ እንዴት እንደሚጠቡ በወረቀት ከመጨነቅ በፊት በ1 ለ10 ልክ 45 ሴ.ሜ. የምትሆን የካርቶን ሞዴል ይሥሩ። ካርቶን ላይ እምቢ ያለ መስመር ፕላይውድ ላይም እምቢ ይላል፤ ልዩነቱ የካርቶኑ ስህተት ገንዘብ አለመብላቱ ነው።

ፕላይውዱ 4 ሚ.ሜ. ሆኖ 4 ሉህ ያስፈልጋል። የ5ቱ ቁራጮች ወርድ ሲደመር 111 ሴ.ሜ. ሆኖ ከአንድ ሉህ ወርድ ስለማያልፍ 2 ሉህ ተቀጥሎ ይበቃል ብለው ያስቡ ይሆናል። የጎን ቁራጮች ግን ሲዘረጉ እንደ ሙዝ ይጎብጣሉ፤ ስለዚህ 3 ሉህ ለአካሉ፣ ቀሪው ከፍርፋሪው ጋር ለሽፋኑና ለክፍልፋዮቹ (ከሽፋኑ ሥር ያለውን አየር ከመሐሉ ክፍት ለሚለዩት ግድግዳዎች) ይሁን። 6 ሚ.ሜ. ከሆነ አሥር ኪሎ ያህል ይጨምርባታል። ኢፖክሲ (ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ፈሳሽ ማጣበቂያ) ከነማድረቂያው 6 ኪሎ፤ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም የሚመዝን የፋይበርግላስ ጨርቅ 5 ሜትር፤ ለመገጣጠሚያዎቹ ወርዱ 7.5 ሴ.ሜ. የሆነ የዚሁ ጨርቅ ጥብጣብ 30 ሜትር። ጥብጣቡ ከጠፋ ተጨማሪ ጨርቅ ገዝተው በሰያፍ ይቁረጡ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጨርቅ ጠርዙ ይተረተራል።

ለላይኛው ጠርዝ ማጠናከሪያ 15 በ25 ሚ.ሜ. የሆኑ ሁለት ዘንጎች ይፈልጋሉ፤ የፈረንጅ ጽድ ወይም ዋንዛ ይሁን። ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ከመጋዝ ቤት የወጣ ጣውላ እርጥብ ነውና አንድ ቁራጭ ቆርጠው በየሁለት ቀኑ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ዘንጉም ለማጣበቅ ደርሷል።

አቀጣጠሉ እንዲህ ነው። የቅጥያው ሰያፍ የፕላይውዱን ውፍረት 8 እጥፍ፣ ማለትም 32 ሚ.ሜ. ይሁን። ሉሆቹን ደራርበው እያንዳንዱን ከሥሩ ካለው 32 ሚ.ሜ. ወደ ኋላ ያስገቡ፤ ደረጃ ይሠራሉ። ያንን ደረጃ በተሳለ መላጊያ አንድ ወጥ ዳገት እስኪሆን ይላጉት። እዚህ ላይ ጥሩ ዳኛ ራሱ ፕላይውዱ ነው፤ የውስጥ ንጣፎቹ እንደ ጥለት ሆነው ብቅ ይላሉ። ጥለቱ ቀጥ ካለ ዳገቱ ልክ ነው፤ ከተጣመመ በጎበጠበት በኩል መላጊያው በዝቷል ማለት ነው። ሲጣበቅ በላስቲክ ሸፍነው፣ እንዳይንሸራተት በቀጭን ሚስማር ይዘው፣ ክብደት ይጫኑበት።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ውሃ የማይገባው» ብሎ የሸጠኝን ፕላይውድ እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ 10 በ10 ሴ.ሜ. ቆርጠው አንድ ሰዓት ይቀቅሉት፣ ሙሉ በሙሉ ያድርቁት፣ ደግመው ይቀቅሉት። ንጣፎቹ በጥፍር የሚላቀቁ ከሆነ ቁም ሣጥን ይሠራበት። መስመሩ ጥቁር ቡናማ የሆነ ማጣበቂያ ብዙ ጊዜ ውሃ ይችላል፤ ቀለሙን ብቻ አይመኑ። ጠርዙ ላይ ባዶ ቀዳዳ ካዩ ደግሞ ሲታጠፍ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ኢፖክሲው 3 ቀን ቆይቶም እጅ ላይ ይጣበቃል። ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ ማድረቂያውን ጨመር አድርጌ ነበር። ሌላው ክፍል ደግሞ ደርቋል፤ ግን ፊቱ ትናንሽ አረፋ ሞልቶታል። (ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ጨመር ማድረግዎ ነው ያበላሸው። ኢፖክሲ እንደ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ ሁለቱ ፈሳሾች በተወሰነ ልክ ተዋህደው ነው የሚጠነክሩት። የተረፈው ማድረቂያ አጋር ስለማያገኝ ለስላሳ ሆኖ ይኖራል። ጣሳው 2 ለ1 ካለ 2 ለ1 ነው፤ በመጠን ይሁን በክብደት መባሉንም ያንብቡ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የተጣበቀውን በፋቂ ጠርገው፣ በአልኮል አጥበው፣ በትክክል በተለካ ድጋሚ ይቀቡ። ላዩ ላይ ጥሩ ኢፖክሲ በመደረብ አይድንም።

ደግሞም ከ200 ግራም በላይ በአንድ ጊዜ አይበጥብጡ። ጠባብ ኩባያ ውስጥ የቆመ ብዙ ኢፖክሲ ራሱን በራሱ አሙቆ ይጨሳል፤ ሰፊ ትሪ ላይ ሲያፈሱት ዕድሜው ይረዝማል።

አረፋው የመጣው ከሰዓቱ ነው። ጠዋት ሲቀቡት ፀሐይ እየበረታ እንጨቱ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየር ተለጥጦ በእርጥቡ ኢፖክሲ በኩል ይወጣል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ እንጨቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ይቀቡ፤ ያኔ አየሩ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ኢፖክሲውን ይዞት ይገባል። በማግስቱ ላዩ ላይ ቅባት መሳይ ነገር ካዩ በውሃና በሻካራ ስፖንጅ አጥበው ያንሱት፤ ሳያጥቡ በብርጭቆ ወረቀት ቢፍቁት ቅባቱን ያሰራጩታል።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ለመኪና ቦዲ የሚሸጠው ፖሊስተር ሬዚን ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ከእንጨት ጋር ያለው ቁርኝት ግን ደካማ ነው፤ እንጨቱ እርጥበት ሲስብና ሲደርቅ ጨርቁ እንደ ቆዳ ተገፎ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ቁራጮቹን በሽቦ ሰፍቼ አቆምኳት፤ ከፊት ስትታይ ግን የተጠማዘዘች ትመስላለች። ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ። ማጣበቂያ ከገባ በኋላ የሚቃና ነገር የለም፤ የተጠማዘዘች ጀልባ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ወደ አንድ ጎን ትዞራለች።

መጀመሪያ ስፌቱን ይፈትሹ። የኤሌክትሪክ ገመድ ልጠው ያወጡት ነጠላ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ቀዳዳዎቹ ከጠርዙ 8 ሚ.ሜ. ገባ ብለው በየ12 ሴ.ሜ. ይሁኑ፤ ጫፎቹ አካባቢ በየ5 ሴ.ሜ.። ቋጠሮው በውጭ በኩል ሆኖ በፒንሳ ይጠመዘዛል፣ መጀመሪያ ግን ሁሉንም ላላ አድርገው ነው። ከአንድ ጫፍ እያጠበቁ ከሄዱ መጣመሙ የሚመጣው ያኔ ነው። ይህ የመስፋት ዘዴ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ «ሚረር» በምትባል ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ የታወቀ ነው፤ ብልሃቱም ሽቦው እስኪጠብቅ ድረስ ጀልባዋ መታረም መቻሏ ነው።

አሁን ሁለት ቀጥ ያሉ ሞራሌዎች በአግድም ያስቀምጡ፤ አንዱን ፊት፣ ሌላውን ኋላ፣ በሁለቱም የላይ ጠርዞች ላይ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው አንድ ዓይን ጨፍነው ይዩ፤ የፊተኛው ሞራሌ የኋለኛውን እኩል መሸፈን አለበት። አንዱ ጎን ከፍ ካለ ሽቦዎቹን አላልተው፣ ከፍ ያለውን ጫፍ ድንጋይ አንጠልጥለው ወደ ታች ይጎትቱት፤ ልክ ሲሆን ያጥብቁ። ከዚያ በሽቦዎቹ መካከል ብቻ ትንሽ ትንሽ ኢፖክሲ ጣል አድርገው ያሳድሩ፤ በማግስቱ ሽቦውን ነቅለው መገጣጠሚያውን በሙሉ ይሙሉ። መሙያው ኢፖክሲ በደቃቅ የእንጨት ብናኝ የተለወሰ ነው፤ ሰጋቱራ ሻካራ ስለሆነ ይነፋ። ውፍረቱ እንደ በሶ፣ ማንኪያው ላይ የሚቆም ይሁን። በማንኪያ ጀርባ ስበው ጥጉን ክብ ካደረጉት በኋላ ሳይደርቅ ጥብጣቡን ያንጥፉበት።

ጥያቄ፦ ከፊትና ከኋላ ሽፋን ሥር የታሸጉትን ሁለት ክፍሎች ፈጽሞ አየር እንዳይገባ ላድርጋቸው?

መልስ፦ ውሃ እንዳይገባ ያድርጉ፤ አየር ግን ትንሽ መተንፈሻ ይፈልጋል። ሐይቅ ዳር ፀሐይ ላይ የቆመች ጀልባ አየሯ ይለጠጣል፤ ውሃ ላይ ስትወርድ በድንገት ይኮማተራል፣ በደካማው መገጣጠሚያ በኩልም ውሃ ይስባል። ከ1,700 ሜትር አካባቢ ከሚገኘው ሐዋሳ ተጭና ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ሆነው አዲስ አበባ ብትሄድም ያው ነው። በክፍልፋዩ ግድግዳ ላይ፣ ከሽፋኑ ሥር፣ 2 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ይብሱ።

ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን ክፍል 5 ሴ.ሜ. ውሃ ሞልተው ግማሽ ቀን ይተዉት፤ ከውጭ የረጠበውን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከተዘጋ በኋላ ቀዳዳ ፍለጋ የዕውር ሥራ ነው። ሽፋኑ መሐሉ 4 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ ይጉበጥ፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ ይተኛበታል። ክፍቱ 1.9 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሴ.ሜ. ወርድ ቢሆን ሁለት ሰው ይይዛል፣ ዙሪያውንም 4 ሴ.ሜ. ከንፈር ያቁሙለት። መቀመጫው ከወለሉ ከ8 ሴ.ሜ. አይብለጥ።

ጥያቄ፦ መሪ ልግጠምላት?

መልስ፦ አያስፈልጋትም። ከሥር የሚወጣ ነገር ሁሉ አጥማጆች ማታ ዘርግተው ጠዋት የሚያነሱትን መረብ ይይዛል፤ ጠዋት ደግሞ እርስዎም የሚወጡበት ሰዓት ነው። 2.50 ሜትር መቅዘፊያ ለዚህ ወርድ ይበቃል። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ መግቢያና ቄጠማው አካባቢ፣ በተለይ ሲነጋና ሲመሽ፣ ጉማሬ ስላለ አይጠጉ።

ጥያቄ፦ የእንጨቱ መልክ ያምራል፤ ቀለም ሳልቀባ በኢፖክሲው ብቻ ብተዋትስ? ሐይቁ ጨው ስለሌለው አይጎዳትም አሉኝ።

መልስ፦ የነገሩዎት ተገላቢጦሽ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ጨው አይወድም፤ ጣፋጭ ውሃ ግን ይስማማዋል። ኢፖክሲ ደግሞ ፀሐይ አይችልም፤ በወራት ውስጥ ነጣ ብሎ እንደ ጠመኔ ይቦንናል። መልኩን ከፈለጉ የፀሐይ መከላከያ ያለው የጀልባ ቫርኒሽ ከ4 እስከ 5 እጅ ይቀቡና በየዓመቱ ፋቅ ፋቅ እያደረጉ ይድገሙት። ካልሆነ ነጭ ወይም ክሬም ቀለም፤ ጥቁር ቀለም ከሰዓት በኋላ ኢፖክሲውን እስኪያለሰልስ ይሞቃል። የቀዳዳና የጠርዝ እንጨት ሁሉ ከቀለሙ በፊት ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ ይጠጣ። ስታድርም ተገልብጣ፣ ከመሬት ከፍ ብላ፣ ጥላ ሥር ትደር። ሸራ አልብሰው ከአካሏ ጋር አያጣብቁት፤ ሥሩ የሚቀረው ላብ ከዝናቡ የባሰ ነው።