«የቱ ቀደመ?» ማለትን አትተዉ

ልጆቼ፣

ሰውነትን ከጀርም እንዲጠብቅ የተሠራው የመከላከያ ሥርዓት በገዛ አካሉ ላይ ለምን ይነሳል? ይህን ጥያቄ የሕይወት ሥራችሁ ልታደርጉት ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። የማወራው ይበልጡን ስለ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ ስለሚባለው ሕመም ነው። በዚህ ሕመም የመከላከያ ሴሎች የነርቭን ሽፋን፣ ማየሊንን፣ ከአንጎል፣ ከዓይን ነርቭና ከኅብለ ሰረሰር እየላጡ ጠባሳ ይተዋሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሻርኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1868 ጠባሳዎቹን ከሕመሙ ምልክቶች ጋር አያይዞ ገልጿቸዋል። ጠባሳውን እንግዲህ ካወቅነው ቆየን፤ የቸገረን አጀማመሩ ነው።

ታማሚው ዓይኑ ሲደበዝዝበት ወይም እግሩ ሲደነዝዝበት ወደ ሐኪም ሲመጣ፣ ሕመሙ ውስጥ ለውስጥ ከጀመረ ዓመታት አልፈውት ሊሆን ይችላል። በዚያን ቀን ከደሙ የምታገኙት ማንኛውም ልዩነት የሕመሙ መነሻ፣ የሕመሙ ውጤት ወይም የመድኃኒቱ አሻራ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ደግሞ በመልክ አይለያዩም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? በዚህ ሙያ ሥሩን የሚያሳየው «የቱ ቀደመ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ከኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ታሪክ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ቫይረሱ ከ100 አዋቂዎች 95 ያህሉ ውስጥ ይገኛል፤ የኤም ኤስ ታማሚዎች ዘንድ ደግሞ ሁሉም ውስጥ አለ ለማለት ይቀርባል። ለብዙ ዘመን ክርክሩ እዚህ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ሰው ውስጥ ባለ ቫይረስ ላይ በምን ትፈርዱበታላችሁ? መውጫው ቫይረሱ ገና ያልያዛቸውን ሰዎች ፈልጎ ወደፊት መከተል ነበር። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን የ20 ዓመት መዝገብ ከተቀመጠ የደም ናሙና ጋር አገናዝበው ውጤታቸውን በጥር 2022 አወጡ። በአገልግሎት ላይ ሳሉ 955 ሰዎች ኤም ኤስ ታወቀባቸው፤ ከእነዚህ በቂ ናሙና የተገኘላቸው 801 ነበሩ። በመጀመሪያው ናሙና ቫይረሱ ያልነበረባቸው 35 ብቻ ሲሆኑ፣ 34ቱ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ቫይረሱ ያዛቸው። ከተያዙ በኋላ የነበረው የመታመም ዕድል 32 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ቁጥሩ ቢያስደንቅም እኔ ይበልጥ እንድታስተውሉ የምፈልገው ጥናቱ የተጠነቀቀባቸውን ሁለት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ በተመሳሳይ መንገድ የሚተላለፈውን ሳይቶሜጋሎ ቫይረስን አብረው ለኩ፤ እሱ ዕድሉን አልጨመረም። ይህ ባይደረግ ኖሮ «ሊታመሙ የተቃረቡ ሰዎች ሁሉም ኢንፌክሽን ይቀላቸዋል» የሚለው ተቃውሞ መልስ አይኖረውም ነበር። ሁለተኛ፣ ነርቭ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሰውን ኒውሮፊላመንት የተባለ ፕሮቲን በጊዜ ቅደም ተከተል ተከታተሉት፤ ከፍ ያለው ከኢንፌክሽኑ በኋላ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ ቀደመ፣ የነርቭ ጉዳቱ ተከተለ፣ ምልክቱ መጨረሻ መጣ።

ከዚህ ተነስታችሁ ግን «ኤም ኤስ የቫይረስ በሽታ ነው» ብላችሁ አትዝጉት። ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች እጅግ አብዛኛዎቹ በኤም ኤስ ሳይታመሙ ይኖራሉ። ኤችኤልኤ-ዲአርቢ1*15፡01 የተባለው የዘር ቅጂ ዕድሉን ሦስት እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል፤ ሲጋራ ማጨስ፣ በጉርምስና ዕድሜ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የቫይታሚን ዲ ማነስም ይጨምሩበታል። በዚያው በ2022 መጀመሪያ የስታንፎርድ ቡድን ከታማሚ የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል፣ ኢብና-1 የሚባለውን የቫይረሱን ፕሮቲንም ግሊያልካም የሚባለውን የአንጎል ፕሮቲንም እንደሚይዝ አሳይቷል። መልካቸው ስለሚመሳሰል ለቫይረሱ የተቀረጸው መሣሪያ በአንጎል ላይ ይዞራል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ምልክት የተገኘው በአራት ወይም በአምስት ታማሚዎች ውስጥ በአንዱ ገደማ ስለሆነ፣ ታሪኩን ብቻውን አይሞላም።

ወደ አይጥ ልምጣ። አይጥ የማየሊን ፕሮቲን መከላከያን ከሚያነሳሳ ቅባት ጋር ተወግታ ኤም ኤስን የሚመስል ሕመም ይይዛታል፤ ሞዴሉ ለብዙ ግኝት በር ከፍቷል። ችግሩ ሕመሙን ያስጀመርነው ራሳችን መሆናችን ነው፤ ቀኑንም ምክንያቱንም የመረጥነው እኛ ነን። ሰው ላይ ግን የምንጠይቀው ያንኑ፣ ማን እንደጀመረው ነው። በአይጥ ላይ ቲኤንኤፍ የተባለውን፣ የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያቀጣጥል ሞለኪውል መግታት ሕመሙን ያበርዳል። በ168 የኤም ኤስ ታማሚዎች ላይ ሌነርሴፕት በተባለው ገቺ ሲሞከርና በ1999 ሲታተም ግን ማገርሸቱ በዛ። ይህንኑ ሞለኪውል የሚገቱ መድኃኒቶች የመገጣጠሚያ ሩማቶይድ ታማሚዎችን ከአልጋ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ለአንዱ ራስን አጥቂ ሕመም የሠራ መድኃኒት ለሌላው ይሠራል ብላችሁ አትነሱ። ጋማ ኢንተርፌሮን የተባለው ሌላ የመከላከያ ሞለኪውልም በ1987 ለ18 ታማሚዎች ተሰጥቶ ሰባቱ አገርሽቶባቸዋል፤ ሙከራው ግን ይህ ሞለኪውል በኤም ኤስ ጎጂ መሆኑን አስተማረ። ያልተሳካ ሙከራ በጥንቃቄ ከተነበበ ከተሳካው ያላነሰ ያስተምራል።

ከሁሉ ትልቁ ትምህርት ግን ከቢ ሴል መጣ፤ ቢ ሴልና ቲ ሴል ሁለት ዓይነት የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ለዘመናት ኤም ኤስ የቲ ሴል ሕመም ተብሎ ሲነገር ቆይቶ፣ በ2008 በ104 ታማሚዎች ላይ የተሞከረው ሪቱክሲማብ ቢ ሴሎችን አጥፍቶ አዳዲስ የአንጎል ቁስሎችን በ91 በመቶ ቀነሰ። ከእሱ መንገድ የመጣው ኦክሬሊዙማብ በ2017 ጸደቀ፤ መጀመሪያ 300 ሚሊግራም በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ 600 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጣል። አሁን አስተውሉ። እነዚህ መድኃኒቶች የሚይዙት ሲዲ20 የተባለውን ምልክት ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ፕላዝማ ሴሎች ግን ሲዲ20 የላቸውም። ስለዚህ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን ብዙም ሳይወርድ ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ይቆማል። በሌላ በኩል ፕላዝማ ሴሎችን ጭምር የሚያዳክመው አታሲሴፕት ማገርሸቱን አባባሰ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታኖሩ፣ የቢ ሴል ጥፋት ፀረ እንግዳ አካል ማምረቱ ብቻ ሳይሆን ቲ ሴሎችን መቀስቀሱና የማቀጣጠያ ኬሚካል መርጨቱ እንደሆነ ይገባችኋል። መድኃኒትን እንደ ምርመራ መሣሪያ ማንበብ ማለት ይህ ነው።

የተለያዩ ሕመሞችን አንድ ላይ አታዳብሉ። በ2004 አኳፖሪን-4 የተባለውን ፕሮቲን የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል ሲገኝ፣ ኤም ኤስ እየተባሉ ከነበሩ ታማሚዎች የተወሰኑት ኒውሮማየላይትስ ኦፕቲካ የተባለ ሌላ ሕመም እንዳለባቸው ተረጋገጠ። ቤታ ኢንተርፌሮን፣ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ ለኤም ኤስ መድኃኒት ሲሆኑ ይህን ሕመም ሊያባብሱ ይችላሉ። ሞግ የተባለውን ፕሮቲን የሚያጠቃው ሕመምም በ2023 የራሱ የመለያ መስፈርት ወጥቶለታል። ለሞግ የሚደረገውን ምርመራ ግን ለሁሉም አታዝዙ። የመሳሳት መጠኑ 2 በመቶ ብቻ የሆነ ምርመራ፣ ከ1,000 ሰው አንዱ ብቻ ሕመሙ ባለበት ቡድን ላይ ቢደረግ 20 ያህል ጤነኞች «አለባችሁ» ይባላሉ፤ በትክክል የሚገኘው አንድ ነው። ሞግ ቅርጹን ሲያጣ መለያውም ስለሚጠፋ፣ ቅርጹ በፈረሰ ፕሮቲን የሚሠራው አሮጌው ምርመራ አይታመንም፤ ፕሮቲኑን በሽፋናቸው በሚያወጡ ሕያው ሴሎች ላይ ይመርመር። ዝቅተኛ ውጤት ሲመጣም ከምልክቱና ከኤምአርአዩ ጋር ካልገጠመ አትቀበሉት።

የሙከራ ውጤት ስታነቡ ርዕሱ ላይ አትቁሙ። የቫይታሚን ዲ ጉዳይ ጥሩ መለማመጃ ነው። በ2025 የታተመው የፈረንሳይ ሙከራ፣ ሕመሙ ገና ለጀመራቸው 316 ሰዎች ቫይታሚኑን ወይም ማስመሰያ ሰጠ፤ መጠኑ በየሁለት ሳምንቱ 100,000 ዩኒት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ቫይታሚኑን ከወሰዱት የሕመም እንቅስቃሴ የታየባቸው 60.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ማስመሰያ የወሰዱት ዘንድ 74.1 በመቶ ሆኑ። በ2023 የታተመው የአሜሪካ ሙከራ ግን በ172 ሰዎች ላይ በቀን 5,000 ዩኒትን ከ600 ዩኒት ጋር አወዳድሮ በማገርሸት ላይ ልዩነት አላገኘም። ተጋጩ? ሳትቸኩሉ ዘርዝሩት። የመጀመሪያው ያወዳደረው ከማስመሰያ ጋር ነው፤ ሁለተኛው ከትንሽ መጠን ጋር፣ ያውም ግላቲራመር የተባለውን የኤም ኤስ መድኃኒት እየወሰዱ ባሉ ሰዎች ላይ። የመጀመሪያው ጥቅም የታየውም በኤምአርአይ ቁስሎች ላይ እንጂ በማገርሸት ብቻ ሲለካ ልዩነቱ አስተማማኝ አልነበረም።

ቶሌብሩቲኒብ የተባለውን መድኃኒትም በዚህ ዓይን እዩት። ማገርሸት በቆመባቸው ነገር ግን አካል ጉዳታቸው ቀስ እያለ በሚብስባቸው ታማሚዎች ላይ ጉዳቱ የመባባሱን ዕድል በ31 በመቶ ቀነሰ ተባለ። በቀጥታ ሲቆጠር የተባባሰባቸው 22.6 በመቶ ናቸው፤ በማስመሰያው ቡድን 30.7 በመቶ። ይህ ከ100 ሰው ስምንት ያህሉን ጠቅሟል ማለት ነው፤ ከዚህ በፊት ብዙም ተስፋ ላልነበራቸው ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉበትን የመጉዳት አደጋውም አብሮ ይመዘን። ደስ የሚለኝ ግን ሌላው ግማሽ ነው፤ ይኸው መድኃኒት ማገርሸትን በመቀነስ ቴሪፍሉኖማይድ ከተባለው ሌላ የኤም ኤስ መድኃኒት አልበለጠም። ከደም ወደ አንጎል በሚዘልቁ ሴሎች የሚነሳው እሳትና አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚጤሰው ፍም ሁለት ነገር እንደሆኑ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

በቅርቡ ብዙ የምትሰሙት ሲኤአር-ቲ የተባለውን ሕክምና ነው። የታማሚው ቲ ሴል ተወስዶ ቢ ሴልን አሳድዶ እንዲያጠፋ ተደርጎ ይመለስለታል። በኤርላንገን፣ ጀርመን፣ በ2022 አምስት የሉፐስ ታማሚዎች፣ በ2024 ደግሞ በሉፐስ፣ በማዮሳይትስና በስክለሮደርማ (ሦስቱም ራስን አጥቂ ሕመሞች ናቸው) የተያዙ 15 ሰዎች ውጤት ታትሟል፤ መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶቻቸውን አቁመዋል። ቢ ሴሎቻቸው በአማካይ ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ተመልሰው ሳለ ሕመሙ አብሯቸው ወዲያው አለመመለሱ ትልቅ ነገር ነው። ማወዳደሪያ ቡድን እንዳልነበረና ክትትሉም አጭር እንደሆነ ግን አብራችሁ ያዙ። የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሜሪ ብራንኮ፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ የተሰጠው ደግሞ አጥቂ ሴሎችን የሚገሥጹት ቲ ሴሎች በመታወቃቸው ነው፤ ሳካጉቺ በ1995 ሴሎቹን፣ ሁለቱ በ2001 ፎክስፒ3 የተባለውን ዘር ለይተዋል። በማጥፋት ፈንታ መገሠጽ ወደሚቻልበት ሕክምና የሚወስደው መንገድ ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ወደ ናሙና ጠረጴዛው እንሂድ፤ ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ደሙና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሹ የሚወሰደው ስቴሮይድ ከመሰጠቱና ፕላዝማ ከመታጠቡ በፊት ነው፤ ፕላዝማ እጥበት የምትፈልጉትን ፀረ እንግዳ አካል ራሱን ጠራርጎ ይወስደዋል። ፈሳሹን በፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ተቀበሉ፤ በመስታወትና በፖሊስታይሪን ግድግዳ ላይ ፕሮቲን ይለጠፋል። ሴሎቹን በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁጠሩ፤ ቶሎ ይሞታሉ። በዚያው ቀን የተወሰደ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ) ጎን ለጎን ካልሄደ ኦሊጎክሎናል የሚባሉትን የፀረ እንግዳ አካል መስመሮች መፍረድ አይቻልም፤ የምትፈልጉት በሴረም የሌሉ፣ በፈሳሹ ብቻ ያሉ ሁለትና ከዚያ በላይ መስመሮችን ነውና።

ከደም ሴል ስትለዩ ደሙን አቅጥናችሁ ፊኮል በተባለው፣ 1.077 ጥግግት ባለው መለያ ፈሳሽ ላይ በቱቦው ግድግዳ ቀስ አድርጋችሁ አንጣፉት። በክፍል ሙቀት፣ በ400 ጂ (በስበት ኃይል 400 እጥፍ)፣ ለ30 ደቂቃ ይሽከርከር፤ ፍሬኑን አጥፉት። ፍሬኑ ካልጠፋ የምትፈልጓቸው ሴሎች የሚሰበሰቡበት ቀለበት ይናወጥና ሴሎቹ ከታች ካለው ደም ጋር ይደባለቃሉ። ደሙ ቀዝቅዞ ወይም አድሮ ከሆነ ግራኑሎሳይት የተባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ቀለበቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ያኔ የምትለኩት የሕመሙን ሳይሆን የቱቦውን መዘግየት ነው። ስታቀዘቅዙ ሴሉን ከበረዶ የሚጠብቀው ዲኤምኤስኦ 10 በመቶ፣ በደቂቃ 1 ዲግሪ፤ ዲኤምኤስኦ በክፍል ሙቀት ሴልን ስለሚጎዳ ቱቦው ጠረጴዛ ላይ አይቆይ። በማግሥቱ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ካለው ማቀዝቀዣ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይዛወር። ስታሟሙት ደግሞ በ37 ዲግሪ ቶሎ፣ ትንሽ በረዶ ሲቀረው አውጥታችሁ ሞቅ ያለ የሴል ማብቀያ ፈሳሽ በጠብታ ጨምሩበት።

ኒውሮፊላመንት ከሌሎቹ ይልቅ ታጋሽ ፕሮቲን ነው፤ ቀዝቅዞ ቢሟሟም ብዙ አይለወጥም። ቢሆንም በዕድሜ ይጨምራል፣ ኩላሊት ሲደክም ይጨምራል፣ የሰውነት ክብደት ሲበዛ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ የ25 እና የ60 ዓመት ሰው ውጤት በአንድ መስመር አይፈረድም። የታማሚዎችን ናሙና በአንድ ሳምንት፣ የጤነኞችን በሌላ ሳምንት አትሥሩ፤ በየዙሩ ቀላቅሏቸው፣ የሚሠራውም ሰው የትኛው የማን እንደሆነ አይወቅ። በእያንዳንዱ ቱቦ መዝገብ ላይ የተቀዳበትን ሰዓት፣ የቀዘቀዘበትን ሰዓት፣ የመጨረሻው ስቴሮይድና የመጨረሻው መድኃኒት የተወሰደበትን ቀን ጻፉ።

ፈሳሹ ሲቀዳም የመጀመሪያው ድርሻ የታማሚው ነው፤ ለምርመራው የሚያስፈልገው ከተሟላ በኋላ ነው የምርምሩ ቱቦ የሚሞላው። ጫፉ ቲሹን የማይቆርጥ መርፌ ይጠየቅለት፤ ከቀዳው በኋላ የሚመጣውን ራስ ምታት በብዙ ይቀንሳል። ራስ ምታቱ ሲቀመጥ ብሶ ሲተኛ እንደሚቀል፣ ካልተወውም ለማን እንደሚደውል፣ ከመርፌው በፊት ንገሩት።