ባሌስትራ ከመጨመራችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ከሥራ መልስ በስልካችሁ ያሳያችሁኝ ምስል ቤቴ ከገባሁም በኋላ ከዓይኔ አልጠፋም። ያ ቀይ የአሜሪካ መኪና ሞተሩ ያገሳል፣ የኋላ ጎማው ጭስ ይተፋል፣ መኪናው ግን ካለበት ፈቅ አይልም። እናንተ በጭሱ ተደነቃችሁ፤ እኔ የሚያልቀውን ጎማ ዋጋ አሰላ ነበር። ከመካከላችሁ አንዱ «ጋሼ፣ የኋላ እግሩ መሬት እንዲቆነጥጥ የትኛውን ዕቃ ማስገባት ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የደብረ ብርሃን የማታ ብርድ ቆሜ እንዳስረዳ አልፈቀደልኝም። ስለዚህ ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩና ጻፍኩላችሁ።

ከዕቃው በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ጋራዥ በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ነጋዴ ፒክአፑን አመጣልኝ። አቀበት ላይ ከቆመበት ሲነሣ የኋላው «ድም ድም ድም» እያለ ይዘላል። እኔም ብዙ ሳልመረምር ባሌስትራው (የኋላውን ክብደት የሚሸከመው፣ የተደራረበ የብረት ቅጠል) ደክሟል ብዬ ፈረድኩና በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ቅጠል ጨመርኩበት። አስፋልት ላይ ስሞክረው መዝለሉ የቀነሰ መሰለኝ፤ ሒሳቤን ተቀብዬ ሸኘሁት። ነሐሴ ላይ ወደ መንዝ ሲወጣ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአይሱዙ እየተጎተተ ተመለሰ። ከልክ በላይ የጠነከረ ባሌስትራ ባዶ መኪና ሥር አይታጠፍም፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ተከትሎ መውረድ ሲገባው አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ የተንጠለጠለ ጎማ ደግሞ ይሽከረከራል እንጂ አይገፋም። ባሌስትራውን ስፈታው እውነተኛው በሽታ ወጣ፤ የፊተኛው ዓይን፣ ማለትም ባሌስትራው ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝበት ቀለበት፣ ጎሚኒው (ላስቲኩ) ተበልቶ አልቋል፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚይዘው አግዳሚ) ጋር የሚያስሩት ብሎኖችም ላልተዋል። የሰውየውን ገንዘብ በዚያው ቀን መለስኩ። ስሜን ለመመለስ ግን ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።

መኪናው ለምን ይዘላል? ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር አክስሉ በአጸፋው ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል፤ በአክስሉ መካከል ያለው፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው የዲፈረንሻል አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል። ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ አክስል ይህን የሚከለክልለት ሌላ ነገር የለውም፤ የሚይዘው ያው ባሌስትራው ነው። ስለዚህ ባሌስትራው ከፊቱ ወደ ላይ፣ ከኋላው ወደ ታች እየጎበጠ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ጎማው ሲያመልጠው የታመቀው ኃይል ይለቀቅና ባሌስትራው ወደ ቦታው ይፈናጠራል፤ ጎማው እንደገና ይቆነጥጣል፤ ባሌስትራው እንደገና ይጠማዘዛል። ያ ድምድምታ ይህ ነው። ዲፈረንሻል የሚሰብረውም፣ ሰሚያስ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ) የሚቆርጠውም ይኸው ነው።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዚህ ነገር ተሰቃይተዋል። ፎርድ ሙስታንግ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲወጣ የኋላ እግሩ የተቀመጠው፣ እኛ ዘንድ እህል እንደሚጭነው ፒክአፕ፣ ባሌስትራ ላይ ነበር። የ1967ቱ ሼቭሮሌት ካማሮ ደግሞ በየጎኑ ባለ አንድ ቅጠል ባሌስትራ ይዞ መጣ፤ ብርቱ ሞተር ሲጫንበት ይዘል ጀመር። በ1968ቱ ሞዴል አንዱን ሾክ አብዞርበር (የባሌስትራውን ዝላይ የሚያበርደውን) ከአክስሉ ፊት፣ ሌላውን ከኋላው አድርገው ጥምዘዛውን ለመግታት ሞከሩ። እኔ የማደንቀው የክራይስለርን ብልሃት ነው። አክስሉን ከባሌስትራው መካከል ወደ ፊት አስጠግቶ የፊተኛውን ክፍል አጭርና ጠንካራ፣ የኋለኛውን ረጅምና ለስላሳ አደረገው። ፊቱ እንደ ክንድ ይገፋል፣ ኋላው እንደ ምንጣፍ ይቀበላል። ምንም የተጨመረ ዕቃ የለበትም፤ የቦታ ለውጥ ብቻ ነው።

(በነገራችን ላይ የምንሠራበት ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን አስተውላችኋል? ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚኒ። ጣሊያኖቹ በጣርማበር ዋሻውን ፈልፍለው መንገዱን ዘርግተው ሲሄዱ ቃሉን ለጋራዦቻችን ጥለውት ሄዱ።)

ብዙ ሰው የመኪናው ኋላ ዝቅ ሲል ባየ ቁጥር «ክብደቱ ወደ ኋላ ሄደ፣ አሁን ይቆነጥጣል» ይላል። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። መኪናው ከነነጂው 1,400 ኪሎ ይመዝን፤ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት በመጀመሪያዎቹ ሙስታንጎች 2.74 ሜትር ነው፤ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሏል እንበል። የሚወድቅ ዕቃ ፍጥነቱ በሚጨምርበት ልክ ግማሽ ያህል ተስፈንጥሮ ቢነሣ፣ 1,400 በ0.5፣ እንደገና በ0.5 ተባዝቶ ለ2.74 ሲካፈል 128 ኪሎ ገደማ ከፊት ጎማዎች ወደ ኋላ ይሻገራል። ለስላሳ ባሌስትራ ብታስገቡም፣ ድንጋይ የሆነ ብታስገቡም ያው 128 ነው። በምትገዙት ዕቃ የምትለውጡት ያ ክብደት ጎማው ላይ የሚያርፍበትን መንገድ ነው፦ በአንድ ጊዜ ይጫናል ወይስ እየዘለለ? ካረፈ በኋላስ ይቆያል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የከተማችን ሰው ከአባቱ የወረሰውን የ1966 ሙስታንግ አመጣልኝ፤ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4.7 ሊትር። (በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እኔ ዘንድ የሚመጣው አሮጌ መኪና በዝቷል።) ሰውየው ከውጭ የሚያስመጣቸውን ዕቃዎች ዝርዝር በወረቀት ይዟል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ጎማው ጎንበስ አልኩ። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ጎኑ ላይ ያለው የመጨረሻ ቁጥር ግን 0809 ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ስምንተኛ ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በጥፍሬ ብጫነው እንደ ቀንድ ደርቋል። ጎማው ተቀየረ፣ የባሌስትራው ጎሚኒዎች ተቀየሩ፣ ማሰሪያ ብሎኖቹ እንደ ሕጋቸው ጠበቁ። ከዝርዝሩ አንድም ዕቃ ሳይገዛ የመኪናው ችግር አብዛኛው አለቀ። ደግሞም አትርሱ፣ እኛ ያለነው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ኃይል ሩብ ገደማ ያጣል። ፍሎሪዳ ውስጥ ጎማ የሚያጨስ ሞተር እዚህ ትሑት ይሆናል። ለእነሱ የታዘዘው መድኃኒት መጠኑ ለእኛ ላይሆን ይችላል።

የቀረው የቀኝ ጎማው ብቻውን መሽከርከር ነበር። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሣጥኑ) ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ሲዞር አክስሉን አብሮ ሊያዞረው ይሞክራል፤ የግራውን ጎማ ወደ መሬት ይጫናል፣ የቀኙን ያቀልለዋል። ተራ ዲፈረንሻል ደግሞ ኃይሉን የሚያባክነው በቀለለው በኩል ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለቱ ጎማዎች አብረው እንዲገፉ የሚያስገድድ ዲፈረንሻል ነው፤ ሼቭሮሌት ፖዚትራክሽን፣ ክራይስለር ሹር ግሪፕ ይሉታል። ግን ክረምት ላይ፣ ጣርማበር ጉም ውስጥ፣ ወደ ጎን ባዘነበለ እርጥብ መንገድ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ካመለጡ የመኪናው ኋላ ወደ ገደሉ ይዞራል። ለሰውየው ይህን ነግሬ ተራውን ዲፈረንሻል እንዳለ ተውነው።

ለባሌስትራ መኪና ገንዘብ ካወጣችሁ አይቀር ጥምዘዛውን የሚገታ ዘንግ ላይ አውጡት። ርካሹ ከባሌስትራው ሥር ከአክስሉ ጋር የሚታሰር፣ የፊት ጫፉ ላይ ላስቲክ ያለው ብረት ነው። አፍንጫው ሊነሣ ሲል ላስቲኩ ከባሌስትራው ፊተኛ ዓይን ሥር ይደገፍና ይገታዋል። ክፍተቱን በሚገባ ካስተካከላችሁት ለመንገድ መኪና ይበቃል። ከዚህ የተሻለው በፊተኛው ዓይን ላይ የሚወዛወዝ መያዣ ያለው ዓይነት ነው፤ የመጠምዘዙን ኃይል መልሶ ባሌስትራውን ወደ ታች እንዲጫን ያደርገዋል። ሰውየው በዝርዝሩ ላይ የጻፈው መሰላል የመሰለው ግዙፍ ዘንግ ግን በቀጥታ መስመር ለሚሮጥ የውድድር መኪና የተሠራ ነው። መታጠፊያ ላይ አንዱ ጎማ ሲነሣ ሌላው እንዳይወርድ ይይዘዋል። ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና ባለው መንገድ ደግሞ ቀጥታ የሚባል ነገር ስንት አለ? እምቢ አልኩት፤ ተቀየመኝም።

በባሌስትራ ፋንታ ሞላ (ጥቅልል ብረት) ያላቸው መኪኖች፣ እንደ ሼቬልና ፖንቲያክ ጂቲኦ ያሉት፣ አክስላቸው በአራት ክንዶች ተይዟል፤ የላይኞቹ ሁለቱ ወደ ጎን ያዘነበሉ ናቸው። እዚያ ላይ የታችኞቹን ክንዶች ክፍት ጎናቸውን በብረት ዘግቶ፣ ሣጥን አድርጎ ማጠንከር ጥሩ ነው። የሁሉንም ጎሚኒ ፖሊዩሬቴን በሚባለው ከላስቲክ በጠነከረ ፕላስቲክ መለወጥ ግን ወጥመድ ነው፤ ያዘነበሉት ክንዶች እንዲሠሩ ጎሚኒው ትንሽ መጠምዘዝ አለበት፤ ካልተጠማዘዘ እግሩ ይደርቅና ጎማው መሬቱን መከተሉን ይተዋል። የፒክአፑን ታሪክ አስታውሱ።

የፊት ሾክ አብዞርበር በቀላሉ እንዲዘረጋ፣ ለመመለስ ግን እንዲዘገይ አድርገው የሚሸጡትንም አትንኩ። ለ400 ሜትር ሩጫ የተሠራ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ መሪው ምን እንደሚነግራችሁ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

አንድ ነገር ስትቀይሩ ሌላ አትንኩ። ዛሬ ጎማ፣ ከዚያ ሙከራ፤ ነገ ጎሚኒ፣ ከዚያ ሙከራ፤ ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ሦስቱን በአንድ ቀን ገጥማችሁ መኪናው ቢሻለው የትኛው እንዳዳነው፣ ቢብስበት የትኛው እንደጎዳው አታውቁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አያቶቻችን ስለ ባሌስትራ ብሎን የተናገሩት ይመስለኛል። አዲስ የታሰረ ብሎን ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ተመልሳችሁ አጥብቁት።

ሰውየው ከወራት በኋላ ታረቀኝ። ሐምሌ ውስጥ ዝናብ ሲጥል ሙስታንጉን ይዞ የጣርማበርን አቀበት ወጣና ደውሎ «ጋሼ፣ አልዘለለም» አለኝ። ያ ወረቀት ዛሬም የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ይምጣ።

ከፒክአፑ ላይ የፈታኋቸውን አራት ትርፍ ቅጠሎች ለዓመታት በጋራዡ ጥግ አስቀመጥኳቸው፤ ሳያቸው ያሳፍሩኝ ነበር። በኋላ አንድ ከጫጫ የመጣ አንጥረኛ አያቸውና ዓይኑ በራ። ማረሻ ሊያወጣባቸው ወሰዳቸው፤ ዋጋውንም በአንድ ጆንያ ገብስ ከፈለኝ።