መልስ፦ ለጭንቀት የስልክ መተግበሪያ ይበቃል ወይ?
ወንድሜ፣ ሌሊት ልብዎ እየደለቀ እንቅልፍ ስለሚነሳዎት፣ በሐኪም ፋንታ የስልክ መተግበሪያ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ለመነሻ ይጠቅማል፤ በተለይ የሚያስጨንቅዎትን ሐሳብ ጽፈው፣ እውነትነቱን በማስረጃ እንዲመዝኑ የሚያለማምደው ዓይነት ይሻላል። እኔ ማታ ማታ ጣና ዳር ተቀምጬ፣ ታንኳዎቹ ሲመለሱ እያየሁ፣ እስከ 4 ቆጥሬ አየር እስባለሁ፣ እስከ 6 ቆጥሬ አስወጣለሁ፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይህ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጂኤዲ-7 የተባለው የጭንቀት መጠይቅ ደግሞ ያለፉትን 2 ሳምንታት ሁኔታ በ7 ጥያቄዎች ይለካል፤ ከ21 ነጥቦች ውስጥ 10 ወይም ከዚያ በላይ ካገኙ የባለሙያ ምርመራ ስለሚያስፈልግዎ፣ ባሕር ዳር ወዳለው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ነጥብ ሳይቆጥሩ ዛሬውኑ ይሂዱ።